ክኒኑ ተቀየረ፤ የሚውጠውን ማን ጠየቀው?!

አንድ ዓረፍተ ነገር አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ብር ያወጣል? የቀልድ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። የጤፍ ዋጋ ይታወቃል። የቤንዚን ዋጋ በየጊዜው እየተሰቀለ ይነገረናል። የሚኒባስ ረዳት እንኳ ቢያጭበረብር ታሪፉ ስንት እንደሆነ እናውቃለን። "አዲሱ ክኒን እንቅልፍ ከነሳዎት ማታ መውሰዱን ይተዉና ጠዋት ያድርጉት" የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ዋጋው ስንት እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። በጣም ውድ መሆን አለበት። ርካሽማ ቢሆን ኖሮ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ የማውቃት አንዲት ሴት ሰባት ሳምንት ሙሉ ዓይኗን ጣሪያ ላይ ተክላ ባላነጋች ነበር።

ስሟን አልጽፍም። ሳሪስ አካባቢ ጉሊት ዘርግታ ሽንኩርት፣ ድንችና ቃሪያ የምትሸጥ፣ ሁለት ልጆች ለብቻዋ ያሳደገች እኩያዬ ናት፤ ይኸው ይበቃል። መድኃኒቷን የምትወስድበትን ጤና ጣቢያም አልጠራም። አንድም እሷ እንዳትታወቅ ነው፤ አንድም ጥፋቱ የአንድ ጤና ጣቢያ ብቻ ስላልሆነ ነው። ጤና ጣቢያው ሠፈሯ አይደለም። በእግር አሥር ደቂቃ የሚያስኬድ እያለላት ሁለት ታክሲ ይዛ ከተማውን አቋርጣ ትሄዳለች። ለምን ቢሉ፣ የሠፈሩ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ የዕድራቸው ጸሐፊ ልጅ ትሠራለች። ከጀሞ፣ ከመካኒሳ፣ ከለቡ፣ ከሀና ማርያም ተነሥቶ እንዲህ ሌላ ክፍለ ከተማ የሚሄድ ሰው፣ ከሌላ ክፍለ ከተማም ተደብቆ ወደኛ የሚመጣ ሰው ሞልቷል። መንገድ ላይ ይተላለፋሉ ማለት ነው። ስትመለስ ደግሞ ክኒኖቹን ከብልቃጡ አውጥታ በጨርቅ ትቋጥራለች። ብልቃጡ ቦርሳ ውስጥ ሲንሿሿ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሆነ ያውቃላ!

ይህች ሴት የአገራችንን የኤች አይ ቪ ሕክምና ታሪክ በገዛ ገላዋ ተሸክማዋለች። ሦስት ጊዜ መድኃኒት ውጣለች፣ ሦስት ዓይነት። ሦስቱንም ጊዜ ምን ሊመጣባት እንደሚችል የነገራት አልነበረም።

ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1995 ዓ.ም. በክፍያ ሲጀመር ለእሷ ቢጤ "ላም አለኝ በሰማይ" ነበር። በጥር 1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር ግን በሩ ተከፈተ። እሷ በ1999 ጀመረች። ያኔ ሰው በቃሬዛ ገብቶ ከወራት በኋላ በእግሩ የሚመላለስበት ዘመን ነበር። ይህን የሚክድ ግፈኛ ነው፤ እኔም አልክድም። መድኃኒቱ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ስለ እሷ የሚጻፍ ነገር ቢኖር የሙት ዓመት ማስታወቂያ ብቻ በሆነ ነበር።

የመጀመሪያው ክኒን ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን ነበር፤ በክሊኒኩ ቋንቋ "ዋን ኤ"። በየ12 ሰዓቱ የሚዋጥ፣ ሰውን ሁሉ የእጅ ሰዓት ባሪያ ያደረገ። ነፍሷን መለሰላት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን እግሯ ውስጥ እሳት ገባ። ሌሊት ብርድ ልብሱን ገፍፋ እግሯን ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አሳርፋ ታድር ጀመር። ቀጥሎ ጉንጯ ጎደለ። ክንዷና ጭኗ ሟሸሸ፤ ደም ሥሯ እንደ ገመድ ወጣ። በሽታዋን ለዓመታት ደብቃ የኖረችውን ሴት መድኃኒቱ ራሱ አደባባይ አወጣት። ቡና ላይ "ፊቷን አይታችኋል?" ተባለ።

ስትጠይቅ "ይለመዳል" አሏት። አልተለመደም። ስታቩዲን ከፊት፣ ከክንድና ከእግር ላይ ስብ እንደሚመጥ፣ የእግርን ነርቭ እንደሚጎዳ ምሥጢር አልነበረም። ሀብታሞቹ አገሮች እየተዉት ሳለ ነው እኛ ዘንድ በገፍ የገባው፤ ርካሽ ነበራ። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) ጉዳቱ የማይመለስ ነውና ደረጃ በደረጃ አስወጡት ብሎ አገሮችን እስኪመክር ድረስ ስንት ጉንጭ ጎደለ? እሺ ይሁን። ያኔ ምርጫው ይህ ክኒን ወይም መቃብር ነበር። ክኒኑን የሰጡት ሰዎች አልተሳሳቱም፤ እኔም ብሆን እሰጥ ነበር። ግን "ይህን ልናመጣብሽ እንችላለን፤ እግርሽ ሲጀምርሽ ቶሎ ነይ" ማለት ምን ይከለክላል? ቶሎ የተያዘ የነርቭ ጉዳት ቢያንስ እንዳይብስ ማድረግ ይቻላል። ዘግይቶ የተያዘው ግን እስከ ዛሬ ክረምት በመጣ ቁጥር እሷን ያነክሳታል።

ሁለተኛው ለውጥ በ2006 መጣ፤ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ኤፋቪሬንዝ። በቀን አንዴ፣ ማታ ሲተኛ። እግዜር ይስጣቸው፣ የሰዓቱ ባርነት ቀረ። በምትኩ ሕልም መጣ። እንዴት ያለ ሕልም! የሞቱ ዘመዶቿ ተሰብስበው ሲማከሩ፣ ራሷን ከፎቅ ስትወድቅ፣ ልጇን በጎርፍ ስትነጠቅ። ጠዋት ስትነሣ ምድሩ ይዞርባታል። ለንስሐ አባቷ ነገረች፤ ጸበል ሄደች። የፋሲካ ዕለት ዶሮውን በቅቤው በልታ ክኒኗን የዋጠች ሌሊት አብዳ ልትሞት ነበር። ኤፋቪሬንዝ ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን እንደሚጨምር ማን ይንገራት? በባዶ ሆድ ይዋጥ፣ መኝታ ሰዓት ይሁን፣ ይኸው ነው ነገሩ። በስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሚሠሩት ኢትዮጵያዊቷ ፕሮፌሰር ኤሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው የእኛኑ ሕሙማን ይዘው ኤፋቪሬንዝን አጥንተዋል። አንዱ ሰው መድኃኒቱን ቶሎ ከሰውነቱ ያስወግዳል፣ ሌላው በተፈጥሮው ቀስ እያለ ነው የሚያስወግደው፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ክኒን የዋጡ ሁለት ሰዎች ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን አንድ አይደለም። ሳይንሱ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ደም ቀድቶ ሄዷል። ሳሪስ ጉሊት ግን አልደረሰም።

"የተሻለ ነው፤ ይውሰዱ"

ሦስተኛው ለውጥ ነው ዋናው ጉዳያችን። ዶሉቴግራቪር። ከቴኖፎቪርና ከላሚቩዲን ጋር በአንድ ክኒን የተጠቀለለው፣ በክሊኒኩ ቋንቋ "ዋን ጄ"። ከ2011 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ነው በአገራችን ሕሙማን ወደ እሱ መዛወር የጀመሩት። ደግ መድኃኒት ነው፤ ደግሜ እላለሁ፣ ደግ መድኃኒት ነው። ቫይረሱን ቶሎ ያወርዳል፤ ቫይረሱም በቀላሉ አይለምደውም። በመስከረም 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) በተደረገ ስምምነት ለአንድ ሰው የዓመቱ ዋጋ ወደ 75 ዶላር ገደማ ወርዶልናል፤ ከዚያ ወዲህም ይበልጥ ቀንሷል። ለአንዴ እንኳ ድሃና ሀብታም አንድ ክኒን የዋጡበት ጊዜ ነው።

እሷ የተቀየረላት በግንቦት 2012 ነው። አስታውሱ፣ ኮሮና። አስቸኳይ ጊዜ ታውጇል። ሰው እንዳይጨናነቅ ተብሎ የብዙ ወር መድኃኒት ባንዴ ይታደላል፤ ይህም ራሱ ደግ ሐሳብ ነበር። በመስኮቱ የተሰጣትን ገልበጥ አድርጋ አየችና፣

"ሲስተር፣ ይኼ የኔ አይደለም" አለች።

"ተቀይሯል እናቴ፤ የተሻለ ነው፣ ይውሰዱ።"

"ምኑ ነው የተሻለው?"

"እንደ ድሮው ነው፤ በቀን አንድ። ቀጣይ!"

"እንደ ድሮው።" ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ። ድሮ እኮ ማታ ነበር የምትውጠው! ኤፋቪሬንዝ ስለሚያዞር ማታ ይሁን ተብሏል። ዶሉቴግራቪር ደግሞ በአንዳንድ ሰው ላይ እንቅልፍ ይነሳል፣ ራስ ያሳምማል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። እንቅልፍ የነሳው ሰው ጠዋት እንዲውጠው ነው የሚመከረው። ሴትየዋ ግን "እንደ ድሮው" ተብላለችና በታማኝነት ማታ ማታ ትውጣለች፤ በታማኝነት ፈጥጣ ታድራለች። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ አትክልት ልታመጣ ትነሣለች፤ ቀን ጉሊቷ ላይ ሆና ታንቀላፋለች፤ ሒሳብ ትሳሳታለች። በሰባተኛው ሳምንት ላይ የራሷን ሐኪም ራሷ ሆነች። አንድ ቀን ትውጣለች፣ አንድ ቀን ትዘላለች። የዘለለች ዕለት ሸለብ ያደርጋታል፤ ደስ ይላታል።

ነርሷን አልወቅስም። ከኋላዋ አርባ ሰው ተሰልፏል፤ አፏ በጭንብል ተሸፍኗል፤ ለራሷም ፈርታለች። እኔ የምወቅሰው መድኃኒት የሚቀየርበትን ቀን፣ መኪና የሚጫንበትን ቀን፣ የሥልጠና አበል የሚከፈልበትን ቀን ሁሉ በሠንጠረዥ ያወጡትን፣ "ሕመምተኛው የሚነገረው ነገር" የምትል አንዲት ሣጥን ግን የረሱትን ነው። መመሪያው ውስጥ አለ ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አለ። በእንግሊዝኛ።

በስድስተኛው ወር ስትመለስ ክኒኑ ተቆጠረ፤ ተርፏል። ካርዷ ላይ "ቁርኝቷ ደካማ ነው" ተብሎ ተጻፈ። ተቆጡአት። አያችሁልኝ? በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ብለው ተረቱባት! ገመዱን ማን አሳጥሮ እንዳሰረው የጠየቀ የለም። በነገራችን ላይ ዕድሏ ሆኖ ቫይረሱ አልተነሣባትም። ሌላው ሰው ላይ ግን ይነሣል። ክኒን እየዘለሉ መዋጥ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ ማሠልጠን ነው፤ ዶሉቴግራቪር ቢታገሥም ትዕግሥቱ ማለቂያ አለው።

ያችን ውድ ዓረፍተ ነገር በመጨረሻ የነገረቻት ማን መሰለቻችሁ? ሽንኩርት ልትገዛ የመጣች ሴት! የሌላ ጤና ጣቢያ የቁርኝት ድጋፍ ሰጪ ናት፤ እሷም ከቫይረሱ ጋር የምትኖር። ስታንቀላፋ አይታት፣ ቀስ ብላ ቁጭ አለችና በሹክሹክታ አዋራቻት። "እኔንም እንደዚያው አድርጎኝ ነበር እኮ፤ ጠዋት አድርጊው" አለቻት። በአራተኛው ሌሊት ተኛች። ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት አስመዝና የሄደች ሴት ያደረገችውን አንድ ሙሉ ሥርዓት አላደረገውም።

እስቲ ከአገር ወጣ ብለን የሌሎቹን እንይ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ከቦትስዋና አንድ ወሬ ወጣ። ሲፀንሱ ዶሉቴግራቪር ላይ ከነበሩ እናቶች ከተወለዱ 426 ሕፃናት 4ቱ ላይ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር አፈጣጠር ጉድለት ታየ። ብዙ አገሮች ደንግጠው መውለድ የሚችሉ ሴቶችን በሙሉ ከአዲሱ መድኃኒት ለማራቅ ሮጡ። በዚያው ሐምሌ ከ18 አገሮች የመጡ 39 ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ኪጋሊ ላይ ተሰብስበው ምን አሉ? መረጃውን ስጡን፣ ምርጫውን ለእኛ ተዉት አሉ። ቆጠራው ቀጠለ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ሥጋቱ እየሳሳ ሄደ፤ በሐምሌ 2011 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱ ለሁሉም ተመራጭ ነው አለ። ሴቶቹ ትክክል ነበሩ። እውነቱ ሲነገራቸው አልሸሹም፤ መድኃኒቱን ይዘው ቀሩ።

ይህን የማነሣው ያለምክንያት አይደለም። የእኛዎቹ "ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ካወራን ሰው ይፈራል፣ መድኃኒት ያቆማል" የምትል የማትሞት መልስ አለቻቸው። ኧረ ተዉ እባካችሁ! መድኃኒት የሚያስቆመው ወሬ ነው ወይስ ዝምታ? ያልተነገረው ሰው ራሱን ሲያመው መጀመሪያ የሚመጣለት "መርዝ ሰጡኝ" የሚል ሐሳብ ነው። የተነገረው ሰው ግን "አሃ፣ ይኼ ያሉኝ ነገር ነው" ይላል፤ ሳምንቱን ይታገሣል፤ ካልተወው ይመጣል።

ስለ ውፍረቱም እንነጋገር

እንቅልፉ በአራት ቀን ተፈታ። ውፍረቱ ግን መጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ 11 ኪሎ ጨመረች። ድሮ የከሳች ዕለት ያሙአት ጎረቤቶች ዛሬ "ተመቸሽ፣ ማነው የሚቀልብሽ?" ይሏታል። ቀሚሶቿን በሙሉ ሰጠች፤ ጉልበቷን ያማታል። "ዳቦ ቀንሺ" አሏት። ዳቦውን ከየት አምጥታ ነው የምትቀንሰው? በቀን አንድ ጊዜ የምትበላ ሴት ናት።

ነገሩ ተጠንቷል። በጆሐንስበርግ 1,053 ሰዎች ላይ የተደረገው "አድቫንስ" የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታተም፣ ዶሉቴግራቪርን እሷ ከምትውጠው ዓይነት ቴኖፎቪር ጋር የወሰዱት በ48 ሳምንት በአማካይ 3 ኪሎ ከምናምን፣ ኤፋቪሬንዝ የወሰዱት 1 ኪሎ ከምናምን መጨመራቸውን አሳየ። በሴቶች ላይ ጭማሪው ይብሳል። የካሜሩኑም ጥናት ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ከዚህም ከፊሉ አዲሱ መድኃኒት ያመጣው ሳይሆን አሮጌው የከለከለው ነው፤ ኤፋቪሬንዝ ራሱ ውፍረትን ይይዝ ነበርና እሱ ሲነሣ ሰውነት ይለቀቃል። እንግዲህ "ዳቦ ቀንሺ" ከማለት ይህን መንገር አይሻልም? ሆዳም እንዳልሆነች ማወቅ መብቷ አይደለም?

ስኳሩ ደግሞ አለ። ካምፓላ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ዶሉቴግራቪር ከጀመሩ 3,417 ሰዎች 16ቱ ላይ ከፍተኛ የደም ስኳር መታየቱን ተናገረ፤ ሌላ መድኃኒት ላይ ከነበሩ 3,230 ሰዎች አንድ ብቻ። ከሺህ አምስት አይሞላም፤ ብዙ ሰው ሊደነግጥበት የሚገባ ነገር አይደለም። ለአምስቱ ግን ሕይወት ነው። የውኃ ጥም ከበዛ፣ ሽንት ከተመላለሰ ቶሎ ሄዶ ስኳር መለካት ነው። ስኳር ያለበትና ሜትፎርሚን የሚውጥ ሰው ደግሞ ለሐኪሙ ይናገር፤ ዶሉቴግራቪር ሜትፎርሚንን በደም ውስጥ ስለሚያበዛው የቀኑ መጠን ከ1,000 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይደረጋል።

ያቺ ከሱቅ እንደ ማስቲካ የምንገዛት፣ የምትታኘከው የጨጓራ ማስታገሻስ? አዲስ አበባ ውስጥ ጨጓራ የሌለው ማን አለ! ማስታገሻዋ አሉሚኒየምና ማግኒዚየም አለባት፤ ከዶሉቴግራቪር ጋር አብራ ከገባች መድኃኒቱን ጠፍራ ይዛ ወደ ደም እንዳይገባ ታደርገዋለች። መድኃኒቱ ማስታገሻዋ ከመወሰዷ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ይዋጥ። ኦሜፕራዞል ግን ችግር የለውም። የደም ማነስ ክኒንና ካልሲየም ከምግብ ጋር ከሆነ አብረው ይሄዳሉ፤ በባዶ ሆድ ከሆነ መራራቅ አለባቸው። የሳንባ መድኃኒት፣ ሪፋምፒሲን ያለበትን የሚወስድ ሰው ዶሉቴግራቪርን በቀን አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ነው የሚያስፈልገው። ከሁሉም በላይ፣ ምንም ቢያምም በራስ ሥልጣን ማቆም የለም፤ ሄዶ መናገር ነው። ይኸው፣ ተናገርኩት። የጋዜጣ ግማሽ ዓምድ እንኳ አልፈጀም። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ታትሞ ከብልቃጡ ጋር ቢሰጥ ስንት ይፈጅ ነበር?

ቢጫው ወረቀትስ የት ገባ?

ይህ አገር የመድኃኒት ጉዳት መመዝገቢያ ሥርዓት የለውም ብዬ እንዳልከስ፣ አለው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ጉዳት ክትትል መርሐ ግብር ውስጥ ገብታለች። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቢጫ ቅጽ አለው። መድኃኒት ያመመው ሰው ሲመጣ ባለሙያው ይሞላዋል፤ ከተሞሉት ቅጾች ተነሥቶ ነው "ይህ ክኒን በእኛ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል" ሊባል የሚቻለው። ነጻ የስልክ መስመርም አለ፤ 8482። ሕመምተኛው ራሱ ሊደውል ይችላል። እስቲ ፍረዱኝ፤ በስልክ ስም በተጠራ ክፍለ ከተማ፣ በንፋስ ስልክ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ ብትጠይቁ ይህን ቁጥር የሚያውቅ ስንት ሰው ታገኛላችሁ? ሴትየዋ ሦስት ጊዜ ስትታመም አንድም ጊዜ ቢጫ ወረቀት ስለ እሷ ሲሞላ አላየችም። ስለዚህ የእሷ እግር፣ የእሷ ሕልም፣ የእሷ እንቅልፍ በመንግሥት መዝገብ ላይ አልተፈጠሩም። የተመዘገበው "ቁርኝቷ ደካማ ነው" የሚለው ብቻ ነው። የደቡብ አፍሪካውን ኪሎና የኡጋንዳውን ስኳር እየጠቀስን የምንጽፈው ወደን ይመስላችኋል?

ይባስ ብሎ በጥር 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2025) የአሜሪካ አዲሱ አስተዳደር የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን ይቁም ሲል፣ የእኛ ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ደብዳቤ ጻፈ። ዕርዳታው ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ደብዳቤ ከዋሽንግተን ሲጻፍ በሳምንት ውስጥ ሌላ ደብዳቤ ከአዲስ አበባ የሚያጽፍ ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ የራሳችን የምንለው ምን ሠርተን ነበር? ከተማው በኮሪደር ልማት ሣርና መብራት ሲተከልበት ገንዘብ አልጠፋም። ሕመምተኛን ቁጭ አድርጎ ለሚያናግር ሰው ደመወዝ ሲባል ግን "የለጋሾች ጉዳይ ነው" ይባላል። ያቺ ሽንኩርት ገዢዋ ከተሰናበቱት አንዷ ናት። ዛሬ ግማሽ ኪሎዋን በዱቤ ነው የምትወስደው። ጉሊተኛዋም ደብተር ላይ አትጽፍባትም።

ሌላዋ መልሳቸው ደግሞ "በነጻ እኮ ነው የሚሰጠው" የምትለው ናት። በነጻ የተሰጠው ሰው አፉን ይዝጋ ነው? መድኃኒቱ በነጻ ቢሆንም የሚፈተንበት ገላ የራሷ ነው። በዚህች አገር 600 ሺህ ገደማ ሰው ከቫይረሱ ጋር ይኖራል፤ አብዛኛው በየቀኑ ይውጣል፤ ዕድሜ ልኩን ይውጣል። ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ነገር ላይ ዝም በሉ የሚባል ሕዝብ የለም። ነገ ደግሞ ሌላ ለውጥ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በሐምሌ 2017 ዓ.ም. እዚያችው ኪጋሊ ላይ፣ ክኒን ለሚሰለቻቸው በየሁለት ወሩ የሚወጋ መርፌ እንደ አማራጭ እንዲገባ መክሯል። ወደኛ ሲመጣም የወጋው ባለሙያ "ቦታው ሊያብጥ፣ ሊያምም ይችላል፤ ጥቂት ቀን ነው" ይላል ወይስ "ቀጣይ!"?

ሴትየዋ ደህና ናት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በሻይ ትውጣዋለች። ሌሊት ትተኛለች። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ አይታይም፤ ይህም ማለት ወደ ሌላ ሰው አታስተላልፍም ማለት ነው፤ ይህንንም የነገረቻት ሽንኩርት ገዢዋ ናት። ባለፈው ቀጠሮ ስኳሯን እንዲለኩላት ጠየቀች። ውኃ ይጠማታል፣ እናቷም የስኳር በሽተኛ ነበሩ። መመርመሪያው አልቋል አሏት። ከውጭ ማሠራት እንደምትችል ነገሯት፤ የዕለት ሽያጯ ነው ዋጋው። ሚዛን ላይ አቆሟት፤ ኪሎዋን ጻፉና አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የስድስት ወር ብልቃጥ ሰጥተው ለስድስት ወር ቀጠሯት።